ሜርሎን ለመተዋወቅ፦ ሁለት ጠርሙስ፣ አምስት ሰው፣ አንድ የደሴ ምሽት

ደሴ ላይ እንግዳ ይዛችሁ ሆቴል ገብታችሁ ወይን ጠጅ ስታዙ፣ አስተናጋጁ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ቀይ ይሁን ነጭ?» ቀይ ካላችሁ አለቀ። የቆቦ ገበሬ ግን «ማሽላ» ብሎ ብቻ አይዘራም። ጅጉርቲ ይላል፣ ደጋሊት ይላል፤ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው ዝናብ ቢያጥር እንደሚችል ለይቶ ያውቃል። ወይንም እንደ ማሽላው ዘር አለው። ከቀዮቹ ዘሮች አንዱን፣ ሜርሎን፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ እንዴት እንደምትለዩት ነው የማሳያችሁ፤ አንድ ምሽት ደሴ ላይ አምስት ሆነን እንደሞከርነው።

ሜርሎን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። በዓለም በብዛት ከሚተከሉት አንዱ ነው፤ ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2015 ባወጣው ቆጠራ ወደ 266 ሺህ ሄክታር ይይዛል። ለወይን ጠጅ ከሚተከሉት ዘሮች የሚቀድመው ካበርኔ ሶቪኞን ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቅርብ መሆኑ ነው፤ ዝዋይ ላይ ይበቅላል፣ ስሙ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይሸጣል። አጠራሩን በተመለከተ ፈረንሳዮቹ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» አያነቧትም። ሆቴል ገብታችሁ ግን «ሜርሎት» ብትሉ ቶሎ ይመጣላችኋል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማዘው።

1. ከጠርሙሱ በፊት ሻይ አፍሉ

የመጀመሪያው ሥራ ወይን ጠጅ አይፈልግም። ወሎ ቤት ውስጥ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉም አይጠጣም፤ አንዱ በሃይማኖቱ፣ አንዱ በጾም፣ አንዱ ኪኒን ስለሚወስድ። ስለዚህ ሁሉም ከሚቋደሰው እንጀምር።

ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ በሦስቱም እኩል የሻይ ቅጠልና እኩል የፈላ ውኃ ይግባ። አንደኛውን ከ2 ደቂቃ በኋላ አጥልሉት። ሁለተኛውን 10 ደቂቃ ተዉት። ሦስተኛውንም 10 ደቂቃ ተዉትና ሲጠለል ሎሚ ጨምቁበት። ስኳር የለም። ለብ ሲል አንድ አንድ ጉንጭ ያዙ፤ ወዲያው አትዋጡት።

የመጀመሪያው ምንም አይላችሁም። ሁለተኛው ድዳችሁን ያደርቃል፣ የጉንጫችሁን ውስጥ ያሻክራል፤ ምላሳችሁ የላንቃችሁን ጣሪያ ሲነካው ሻካራ ጨርቅ ይመስላል። ይህ ታኒን ይባላል፤ ድሮ ቆዳ አልፊዎች ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል ያወጡት የነበረው ያው ነገር ነው። ቆዳውን የሚያጠነክረው ነገር አፋችሁ ውስጥም ምራቃችሁን እየያዘ ያደርቃችኋል። ሦስተኛው ብርጭቆ ደግሞ በምላሳችሁ ግራና ቀኝ ምራቅ ያመጣል፤ እሱ አሲድ ነው።

ይህን ልምምድ አትዝለሉት። እኛ አገር ሰው ቀይ ወይን ቀምሶ «ይመራል» ሲል፣ ብዙ ጊዜ መራራ ማለቱ አይደለም። መራራ ጌሾ ነው። አፍ ማድረቅ ሌላ ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ወይም ዶቅማ የበላ ያውቀዋል። ኮምጣጣም ሌላ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል ከጠቀለልን አንድን የወይን ዘር ከሌላው የምንለይበት መሣሪያ አይኖረንም።

አብሮ አደጌ አልኮል ቀምሶ አያውቅም። በዚያ ምሽት ብርጭቆዎቹን ደባልቄ ዓይኑን አስጨፍኜ ብሰጠው ሦስቱንም አልሳታቸውም። «ይቺ ድዴን ያዘችኝ፣ ያቺ ግን ጉንጬን ነው ያስለቀሰችው» አለ። ከተሰበሰብነው ሁሉ ምላሱ የሠላው የማይጠጣው ሰው ሆነ። ስለዚህ ምሽቱን በሙሉ ቀሪቦውን ይዞ ደብተር ያዥ አደረግነው። የእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዳር አታስቀምጡት፤ ያልሞቀው ጭንቅላት ለመዝጋቢነት ይፈለጋል።

ከሻዩ ቀጥሎ ፍሬ አሽቱ። ገበያው የሰጣችሁን ያዙ፦ ፕሪም፣ እንጆሪ፣ አጋም፣ ዶቅማ፣ ዘቢብ፤ አንድ የተሰነጠቀ ቃሪያም ጨምሩበት። ዓይን ጨፍኖ አንድ በአንድ ማሽተት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የሜርሎ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ «ፕሪም፣ ብላክ ቼሪ፣ ብላክቤሪ» የሚል ይጻፋል። ብላክ ቼሪ በልቶ የማያውቅ ሰው ብርጭቆ አሽቶ «ብላክ ቼሪ» ቢል ዋሽቷል አልልም፤ አንብቧል። እናንተ በምታውቁት ጥሩት። አጋም የሸተተው አጋም ይበል።

2. ጠርሙስ ስትገዙ

ሁለት ግዙ፤ አንድ ሜርሎ፣ አንድ ካበርኔ ሶቪኞን። አንድ ዘር ብቻውን ተቀምሶ አይታወቅም። በግ ብቻ ያየ ሰው በግ ምን እንደሚመስል ለመናገር ፍየል ያስፈልገዋል። የተቻለ እንደሆነ ሁለቱም ከአንድ አምራች፣ በአንድ ዓመት የተመረቱ ይሁኑ። አፈሩ፣ ፀሐዩና የሠሪው እጅ አንድ ከሆነ ልዩነቱ የዘሩ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ለዚህ የሚቀርበን የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ነው፤ ሁለቱንም ዘሮች ለየብቻ በስማቸው ያወጣል። እርሻውን ያቋቋመው ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ የሚጠምቀው ቢጂአይም የሱ ነው። እርሻው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዝዋይ እንደ አውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛ ክረምት የለውም፤ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስኑለት በመቀስና በመስኖ ነው።

ጽሑፉን ስታነቡ የምትፈልጉት ሁለት ቃል ነው። አንዱ የዘሩ ስም፤ ስም ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ቅልቅል ነው። ሁለተኛው «ድራይ» የሚለው፤ ስኳሩ አልቆ ወደ አልኮል የተለወጠ ማለት ነው። እንደ አክሱሚት ያለው ጣፋጭ ወይን ለሠርግ ደስ ይላል፣ ለዚህ ትምህርት ግን አይሆንም፤ ስኳር ታኒኑንም አሲዱንም ይሸፍናል። ጽሑፉ ላይ ያለው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ሜርሎ ቢቆይ ይሻሻላል ብላችሁ አታስቀምጡት፤ ከተለቀመ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ጠጡት።

ከዚያ መደርደሪያውን እዩ። መስኮት አጠገብ ፀሐይ እየመታው የቆመ ጠርሙስ አትግዙ፣ ዋጋው ቢቀንስም። የመጀመሪያ ሜርሎዬን የገዛሁት እንዲህ ካለ መስኮት ነው። አቧራውን «ያረጀ ነው» ብዬ እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት። ቤት ወስጄ ስከፍተው የተቀቀለ ፕሪምና የከረመ ዘቢብ ሸተተኝ፤ ቀለሙም ጥቁር ቡናማ ሆኗል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ «ሜርሎ አይስማማኝም» እያልኩ ስናገር ከረምኩ። ያልተስማማኝ መስኮቱ ነበር።

3. መንገዱና ማስቀመጫው

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ጠርሙሱ ከሰው ጋር ይቀመጥ። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ከሚሴና ሐርቡም አይተናነሱም። አንድ ጊዜ ሻንጣዬን ፖርቶ መጋላ ላይ አስጫንኩ፤ ሁለት ጠርሙስ ውስጡ አለ። ደሴ ስደርስ የአንደኛው ቡሽ ጣት ጥፍር ያህል ወጥቶ፣ ሸሚዞቼ ወይን ጠጅ ቀለም ተነክረው አገኘኋቸው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቡሹን ይገፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አየር ይስባል። ቀሪው ወሬ አቼቶ ነው።

ለማስቀመጥ ደሴ የታደለች ከተማ ነች። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አልጋ ሥር፣ ከጭቃ ግድግዳ አጠገብ፣ ቡሽ ያለውን ጠርሙስ አጋድማችሁ ብታስቀምጡት ሌላ አያስፈልገውም። የሚጋደመው ቡሹ እንዳይደርቅ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ቀኑ ይሞቃልና የቤታችሁን ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጉ። ፍሪጅ ላይ፣ ማለቴ ጣሪያው ላይ፣ አታስቀምጡ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሞተሩ ግን ያሞቀዋል።

4. መክፈትና መቅዳት

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የመጣው ከፈረንሳይ ብርዳም ቤቶች ነው። የሚፈለገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ደሴ ማታ ከአልጋ ሥር የወጣ ጠርሙስ ራሱ እዚያ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ቆቦ ከሆናችሁ 20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት፤ ከዚያ አታሳልፉት። በረዶ የሆነ ቀይ ወይን ሽታው ይደበቃል፣ ታኒኑ ይከራል። የሞቀ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል።

የወይን መክፈቻ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ጠርሙሱን ጫማ ውስጥ ከትቶ ግድግዳ መደብደብ የሚባለውን ጀብዱ ተዉት። ቡሹ ከተሰበረ ወደ ውስጥ ግፉትና በሻይ ማጥለያ ቅዱት፤ ጣዕሙ አይበላሽም።

ብርጭቆው እግር ያለውና ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ብርሌ ለጠጅ ግሩም ነው፣ ለዚህ ግን አንገቱ አፍንጫ አያስገባም፣ ማሽከርከሩም አይመችም። ብርሌ ብቻ ካላችሁ ከሱ የሻይ ብርጭቆ ይሻላል። ዋናው ነገር የሁሉም ሰው ብርጭቆ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ልክ ከቡና ሲኒ ትንሽ ጎደል ያለ፣ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንዲህ ሲቀዳ 15 ይወጣዋል።

መጠኑን የማነሳው በምክንያት ነው። 13 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ሙሉ ብርጭቆ፣ ማለትም 150 ሚሊ ሊትሩ፣ ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ በጥቂቱ ይበልጣል። ቀማሾች የሚተፉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ መጠጥ መትፋት ነውር ይመስላል፤ አንድ ባዶ ጣሳ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጡና ለፈለገ ይሁን። በዚያ ምሽት የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው ካለ መተፋቱን ነውር አይበለው፤ ወይም ይደር።

5. ጎን ለጎን

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ ጻፉባቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የማይጠጣው ሰው ብቻ ይወቅ። ሌሎቻችሁ በሚቀጥለው ቅደም ተከተል ሂዱ።

ነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጉና ጠርዙን እዩ። አማርኛችን «ወይን ጠጅ» የሚል የቀለም ስም አለው፤ ያ ቀለም የወጣት ወይን ቀለም ነው። ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ሜርሎ ብዙውን ጊዜ ከካበርኔ ትንሽ ፈታ ያለ ቀለም አለው፤ ፍሬው ተለቅ፣ ቆዳው ሳሳ ያለ ነው። የቀይ ወይን ቀለምና ታኒን በአብዛኛው ከቆዳው ነው የሚመጣው። ለማመን ካቃታችሁ ከገበያ ጥቁር ወይን ገዝታችሁ አንዷን ፍሬ ልጣችሁ ጨምቁ፤ ጭማቂዋ ቀለም የላትም ማለት ይቻላል። አምራቹ ጭማቂውን ከቆዳው ጋር በዘፈዘፈው ቀን ልክ ቀለሙም ታኒኑም ይወጣል፤ ቡናው ዱቄቱ ላይ በቆየ ቁጥር እንደሚጠነክረው።

ቀጥሎ ሳታሽከረክሩ አሽቱ፣ ከዚያ አሽከርክራችሁ አሽቱ። የሽታው ልዩነት ራሱ አስተማሪ ነው። እዚህ ላይ ቃሪያውን አስታውሱ። ሜርሎም ካበርኔም በደንብ ሳይበስሉ ከተለቀሙ የተሰነጠቀ ቃሪያ ይሸታሉ፤ በዘር የወረሱት ነው፣ ፀሐይ ሲጠግቡ ይቀንሳል። ካበርኔ ዘግይቶ ስለሚደርስ ይኸው ሽታ በብዛት የሚገኘው እሱ ላይ ነው። ሜርሎ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይቀድመዋል።

ከዚያ ቅመሱ። ጉንጭ ያህል ያዙ፣ አፋችሁን ሁሉ አስነኩት፣ ዋጡት ወይም ትፉት፣ ከዚያ እስከ 20 ቁጠሩ። ጥያቄው ከሻዩ ጋር አንድ ነው፤ የቱን ያዘ? ምን ያህል ቆየ? ካበርኔ ድድ ላይ ቶሎ ይይዛል፣ መሐል ምላስ ላይ ግን ቀዳዳ ያለው ይመስላል። ሜርሎ ያንን መሐል ይሞላል። ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ ሁለቱን ከጥንት ጀምሮ የሚቀላቅሏቸው አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ስለሚደፍን ነው።

በኛ ምሽት አክስቴ ነበረች። ጠጅ ስትጥል አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ነች፤ ወይን ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አታውቅም፣ እሱም ዘቢብ ተዘፍዝፎ ለቁርባን የሚጨመቀው ነው። «ለ»ን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ እናንተ! ይኼማ ጌሾ የበዛበት ጠጅ ነው፣ ምላሴን አሰረው።»

«እትዬ፣ መረረሽ ወይስ አደረቀሽ?» አላት ደብተር ያዡ።

ቆየት አለች። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አሻሸችው። «አልመረረኝም… ድዴን ነው የያዘኝ። እንደ ዶቅማ።»

ወደ «ሀ» ዞረች። «ይቺ ደግሞ አጋም ነች። የበሰለ አጋም፣ መሬት የወደቀው።» ጋዜጣው ሲገለጥ «ለ» ካበርኔ፣ «ሀ» ሜርሎ ነበር። እኔ፣ በዕድሜዬ ሦስት ዓይነት የወይን መጽሔት ያነበብኩት፣ ገልብጬ ነበር የጻፍኩት። ደብተር ያዡ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳልኝም።

አንድ ጊዜ መሳሳት ያስተምራል፤ ሁለተኛ ዙር ቅዱና ድገሙት። በሁለተኛው ዙር አንዱ ለሌላው ደባልቆ እየቀዳ ከአምስታችን አራታችን ለየነው፣ ደብተር ያዡን በማሽተት ቆጥረን። ማሽተቱን ካልወደደ አታስገድዱት፤ የእኛው ራሱ ነው የጠየቀው።

6. ብርጭቆው ሲያርፍ የሚወራ

ሜርሎ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ አካባቢ ነው። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ሜርል» በፈረንሳይኛ አንድ ጥቁር ወፍ ነው፤ ፍሬው የወፉን ቀለም ስለሚመስል ነው የሚሉ አሉ፣ ወፉ ፍሬውን ስለሚወድ ነው የሚሉም አሉ። ቃሉ ወረዳ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ የጠበቀ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል።

የዘር ሐረጉ ነገር እንደ ቤተሰብ ወሬ ይጥማል። አባቱ ካበርኔ ፍራን የሚባል ሌላ ቀይ ዘር መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ በዘረ መል ምርመራ ነው። ካበርኔ ሶቪኞንም የዚሁ አባት ልጅ ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛችሁ ላይ ያሉት ሁለቱ ጠርሙሶች የአባት ልጆች ናቸው። የካበርኔ ሶቪኞን እናት፣ ሶቪኞን ብላን የሚባለው ነጭ ዘር፣ የታወቀች ነች። የሜርሎ እናት ግን ስም አልነበራትም። ብሪታኒ ውስጥ አንድ የተተወ ኮረብታ ላይ አንድ ግንድ ተገኘ፤ ከዚያ ሻራንት በሚባለው አገር ከጥቂት ቤቶች ደጃፍ ላይ ሌሎች። መንደርተኞቹ የመግደላዊት ወይን ይሏት ነበር፣ በበዓሏ ሰሞን፣ በእኛ ሐምሌ 15 ገደማ፣ ስለምትደርስ። እናትነቷ የታተመው በ2009 ነው። ሜርሎ ቶሎ የመድረሱ ነገር ከየት እንደመጣ ከዚህ ይገመታል።

ቶሎ መድረሱ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ውርጭ ያገኘዋል፤ የ1956ቱ ውርጭ ቦርዶ ላይ ብዙ ሜርሎ ገድሏል። ጥቅሙ ደግሞ ቀዝቃዛ አፈር ላይ ሳይቸገር መብሰሉ ነው። ከቦርዶ ወንዝ በስተቀኝ፣ ፖምሮልና ሴንት ኤሚሊዮን በሚባሉት ቦታዎች፣ መሬቱ ሸክላማ ነው፤ እንደ መረሬ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎ አይሞቅም። ካበርኔ እዚያ ሳይበስል ብርድ ይደርስበታል፣ ሜርሎ ይጨርሳል። በስተግራ ያለው ጠጠር ግን ፀሐይ ይይዛል፤ እዚያ ካበርኔ ይነግሣል። ፔትሩስ የሚባለው፣ ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ፣ ፖምሮል ሸክላ ላይ የበቀለ ሜርሎ ነው ማለት ይቻላል፤ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «ሜርሎ ለስላሳ ነው፣ ለጀማሪ ነው» ሲሏችሁ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። ከካበርኔ አጠገብ ሲቆም ለስላሳ ነው። በራሱ ግን አፈሩና የተለቀመበት ቀን ይወስኑታል።

ባለሙያም እንደሚሳሳት ለአክስቴ የነገርኳት የቺሌን ታሪክ ነው። ቺሌዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሜርሎ ብለው ሲለቅሙት ከኖሩት ብዙው ሌላ ዘር፣ ካርመኔር፣ ነበር። በ1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የተባለ ፈረንሳዊ የእጽዋት አዋቂ ማሳው ውስጥ ገብቶ ለየው። ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ ይታያል፤ የካርመኔር ለጋ ቅጠል ከሥሩ ቀላ ይላል፣ የሜርሎ ግን ነጭ ነው። «እና ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ላይ ነበር የሚለቅሙት?» አለች። አዎ፤ ካርመኔር ከሜርሎ በሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ቃሪያ እየሸተተ ይጠመቅ ነበር። «እኔን ቢጠይቁኝ በምላስ እለይላቸው ነበር» አለች። ሳትለይ አትቀርም።

7. ምግብ

ከዚህ በኋላ ጠርሙሶቹ ገለጥ ብለው ማዕድ ይቅረብ። ቀይ ወጥ ከሜርሎ ጋር አታስቀድሙ፤ በርበሬና አልኮል አንዱ ሌላውን ያቀጣጥላሉ፣ የወይኑ ፍሬም ይጠፋል። የሚገጥመው የበግ ጥብስ ነው፣ የጥብስ ቅጠል ገብቶበት፣ ቃሪያው ዳር ዳር ሆኖ። ስቡና ጨዉ ታኒኑን ይፈቱታል። አክስቴ በካበርኔው ፊቷን ያጨማደደችው በባዶ አፍ ነው፤ አንድ ጉርሻ ጥብስ ጎርሳ ያንኑ ስትደግመው «አሁን ተፈታ» አለች። ይህን ሙከራ በደንብ አድርጉት፦ ባዶ አፍ፣ ጉርሻ፣ እንደገና።

አልጫም ይሆናል። ለጓደኛዬ የእኛ ሥጋ ስለማይሆን ሽሮ ተሠርቶለት ነበር፤ እኔ ከሱ ሽሮ ሰርቄ ከሜርሎው ጋር ሞከርኩት፣ በርበሬው ቀለል ያለ ከሆነ ከጥብሱ ብዙም አያንስም። በኮካ ቀላቅሎ የሚጠጣ ሰው አብሯችሁ ካለ አትከራከሩት፤ ቅምሻው ካለቀ በኋላ ግን ይቀላቅል።

8. በማግስቱ

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ወትፉና ፍሪጅ አስገቡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በማግስቱ ማታ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ካስቀመጣችሁት በኋላ ሁለቱን እንደገና ቅመሱ። አየር የገባው ካበርኔ ብዙ ጊዜ ከትናንት ይሻላል፤ ታኒኑ ተረጋግቶ ፍሬው ይወጣል። ሜርሎው ግን ከፍቶት የሚያድረው ጊዜ ይበዛል፤ የኛው ጠዋት ላይ አጋሙ ሄዶ ዘቢቡ ቀርቶ ነበር። ደብተሩ ላይ ከትናንቱ ሥር ጻፉት፣ በአንድ ገጽ።

በሦስተኛው ቀን ከሜርሎው ሁለት ጣት ያህል ቀርቶ ነበር። አክስቴ መጥበሻው ላይ፣ ሽንኩርቱ ሲቀላ፣ ጨመረችው። ጠርሙሱን አጥባ፣ የተጻፈበትን ወረቀት በሙቅ ውኃ ልጣ፣ ማር ሞላችበት።